በሆሊ ቀን ያነሳሁት ፊት

ይህ የሆነው ካሜራዬን መተዳደሪያዬ ለማድረግ ደፋ ቀና በምልበት ጊዜ ነው። ሮተርዳም ዳር፣ ሆግቭሊት ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ በየቤታቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አምስተርዳም፣ ዴን ሃግ ሳልል የሐበሻ ሰርግና ክርስትና አነሳለሁ። ስሜ ቤተልሔም ነው፤ ሁሉም ቤቲ ይለኛል። ሙሽሮች «ቤቲ የሰው ሳቅ የት እንዳለ ታውቃለች» እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። ሲደጋገም እኔም አመንኩት።

አንድ ሰርግ ላይ ያነሳሁትን ያየች ማሪት የምትባል ደች ደወለችልኝ። የምትሠራው አምስተርዳም ውስጥ፣ ከተሞችን ለውጭ አገር ጎብኚ በሚያስተዋውቅ ትንሽ ድርጅት ነው። የምትፈልገው ዴን ሃግ ውስጥ የሚከበረውን ሆሊ እንዳነሳላት ነበር። ሆሊ ብርዱ ሊወጣ ሲል የሚከበር የሂንዱዎች በዓል ነው፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የቀለም ዱቄት ይቀባባል። ዴን ሃግ ውስጥ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከህንድ ወደ ሱሪናም፣ እነሱ ደግሞ ከሱሪናም ወደዚህ የመጡ ብዙ ሰዎች አሉ። እነሱ በዓሉን ፋግዋ ይሉታል።

«ቱሪስት እኛ ጋ የሚመጣው ለቱሊፕና ለቦዩ ብቻ ነው» አለችኝ ማሪት። «ሆሊን ለማየት ሰው ህንድ ድረስ ይበራል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለ። ለምን ዴን ሃግ አይመጣም?»

ለእናቴ ስነግራት ደስ አላላትም። ሁዳዴ ገብቷል።

«በጾም የሰው በዓል ላይ ሄደሽ ቀለም ልትቀቢ?»

«እማዬ፣ እኔ አነሳለሁ እንጂ አልቀባም።»

«ቀለሙ ይህን ያውቃል?» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ዕለቱ ብርዳም ቢሆንም ፀሐይ ነበረው። ሰልፉ ሰፈሩን ዞሮ ሜዳው ላይ ሲደርስ ከበሮው፣ ጩኸቱ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለው ሮዝና አረንጓዴ ደመና፣ ሁሉም ባንዴ ሆነ። አብዛኛው ሰው ቀለሙ እንዲታይለት ነጭ ለብሶ ነው የመጣው። እኔ ካሜራዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከሰው ሰው እሽሎከለካለሁ። ዘለው የሚጨፍሩ፣ የሚሳሳሙ፣ አፍንጫቸው ውስጥ ዱቄት ገብቶ የሚያስነጥሳቸው ሁሉ በሌንሴ አለፉ። ጥሩ ፎቶዎች ናቸው፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉትን ማንም ያነሳቸዋል።

የሰፈሩ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሰዎች ሻይ በሚያድሉበት ድንኳን ጥግ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ሳሪ ለብሰዋል፣ በላዩ ወፍራም ሹራብ ደርበዋል፣ ራሳቸውን በነጭ ሸፍነዋል። አንድ ዘለግ ያለ ወጣት፣ ቦርሳውን በጀርባው ያዘለ፣ ከእግር እስከ ራሱ ሮዝ የሆነ ፈረንጅ በፊታቸው ሲያልፍ ቆም አለ። ጎንበስ ብሎ ሁለት መዳፎቹን በጉንጮቻቸው ላይ አሳረፈና «ሃፒ ሆሊ!» አላቸው። ያን ጊዜ ካሜራውን ተጫንኩት።

ፎቶው ላይ ዓይናቸው በግማሽ ተከድኗል። አፋቸው ገርበብ ብሏል። ከወጣቱ ጣቶች ሥር ሮዙ ዱቄት እየቦነነ ፀሐዩ ያበራበታል። ሳቅ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ሕዝቡ በመካከላችን ገባና ከዓይኔ ጠፉ።

በዓሉ ባለፈ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማሪት ደወለች። ስልኩ ውስጥ ትጮሃለች። «አገኘነው ቤቲ! ፊታችን ይኼ ነው!» ከልዩ ልዩ አገር የጉዞ ወኪሎች አምስተርዳም ሊሰበሰቡ ነበር። የሴትዮዋ ፎቶ በትልቁ ታትሞ በፊታቸው ይቆማል፤ ከዚያ በየአገሩ ኤርፖርት ይሰቀላል። በላዩ የሚጻፈውም ተወስኗል፦ «ዴን ሃግ እየሳቀች ነው። ኑ፣ ተቀቡ!»

ዘመቻው ከተሳካ የሁለት ዓመት ውል እንደሚሰጡኝ ነገረችኝ። ሆሊ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ከተሞች በዓላት እኔ ላነሳ። የዚያን ዕለት አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የአረጋውያኑን ሥራ እንዴት እንደምለቅ፣ ለአለቃዬ ምን እንደምላት አሰብኩ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። በሕዝብ መካከል ያለ ፊት አያስጠይቅም፤ አንድን ሰው ብቻ ነጥሎ ማስታወቂያ ላይ ማውጣት ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም። ማሪት ሐሙስ ጠዋት ደወለችና «ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል» አለችኝ። «ዛሬ ፈልጊያትና አስፈርሚያት። ደስ ነው የሚላት፣ ምን ታስቢያለሽ?»

ሜትሮ፣ ባቡር፣ ከዚያ ትራም ይዤ ቤተ መቅደሱ ዘንድ ደረስኩ። በር ላይ አበባ በክር የምትሰካ ሴት አገኘሁ። ፎቶውን በታብሌቴ አሳየኋት። አበባውን ከጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሱሺላ ናቸው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

ቀልድ መሰለኝ። «ቱሪስት ነው» አልኩና ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። የቤታቸውን መንገድና ቁጥር ነግራኝ ወደ አበባዋ ተመለሰች።

ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደወልኩ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፣ ዛሬም በነጭ። ስለ ፎቶው ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ «ግቢ ቤቲ፣ ብርዱ ላይ አትቁሚ» አሉኝ።

ክው አልኩ። «ስሜን ማን ነገረዎት?»

«የቱን ስምሽን?»

«ቤቲ።»

ወይዘሮ ሱሺላ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። ለካ «ቤቲ» በእነሱ ቋንቋ «ልጄ» ማለት ነው። «እናትሽ አውቀው ነው ያወጡልሽ» አሉኝ፤ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። አሁን ሳስበው፣ የሳቃቸውን መልክ ያን ጊዜ አይቼዋለሁ። ከፎቶው ጋር እንደማይመሳሰል ግን ወዲያው አልታየኝም።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአንድ ሽማግሌ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የደረቀ የአበባ ጉንጉን ዙሪያውን ከቦታል። ወተት የገባበት ሻይ አቀረቡልኝ። ጾም ላይ መሆኔን ስነግራቸው ምንም ሳይከፋቸው ጥቁር ሻይ አመጡልኝ። ታብሌቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ።

ታብሌቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።  ከዚያ ጣታቸውን በፎቶው ጉንጭ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት። በጣም ያምራል። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ዘመቻውን፣ ኤርፖርቱን፣ ፊርማውን። እያዳመጡኝ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ስጨርስ በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ።

«ባሌ ነው። ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም» አሉ። «ነጭ የለበስኩት ለፋግዋ አልነበረም፣ ቤቲ። ሐዘን ላይ ነኝ።»

እናቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ነው የምትለብሰው። ጥቁር የለበሰች ሴት ባይ ካሜራዬን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ይህን ያህል ነገር አውቃለሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ነጭ ለብሶ ነበር። የሐዘኑን ነጭ ከጭፈራው ነጭ የምለይበት ዓይን አልነበረኝም።

የውጭው በር በቁልፍ ተከፈተና አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ገባ። ልጃቸው ቪኖድ ነው። አስተማሪ ነው፤ የቤተ መቅደሱም ኮሚቴ አባል ነው። አበባ የምትሰካዋ ሴት ደውላለት ነው የመጣው። ጨብጦኝ ተቀመጠ። ፎቶውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም።

«ባሏ የሞተባት ሴት በመጀመሪያው ፋግዋ ቀለም አይነካትም» አለኝ። «ቤት ተቀመጪ ብያት ነበር። ግድግዳ ሳይ ከምውል ከሰው ልቀላቀል አለችኝ። ጥግ ይዛ ልትቀመጥ ተስማማን። ሻይ ላመጣላት ስሄድ ነው ይህ የሆነው።»

«ልጁ ክፉ አሳብ አልነበረውም» አልኩ።

«አውቃለሁ። አላወቀም። እናንተ ግን አሁን አውቃችኋል። አውቃችሁ ይህን ብትሰቅሉት ለሰው ምን እያላችሁት ነው? ኑ፣ ያገኛችኋትን አሮጊት ፊቷን ቀቡ እያላችሁ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ቱሪስት የምጠላ እንዳይመስልሽ። ኮሚቴው ውስጥ ይምጡልን ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ልጆቻችን በዓሉን እየተዉት ነው። ከሩቅ አገር ሰው ሲመጣለት ሲያዩ ነው ቀና የሚሉት። ግን ይህ... እናቴ ናት።»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። የሁለት ዓመቱ ውል ትዝ አለኝ። «ይገባኛል። ቢሆንም ፊቱ የእሳቸው ነው። የሚያስፈልገው የእሳቸው ፊርማ ነው፤ የርስዎ አይደለም።» ድምፄ ቀዝቃዛ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ቪኖድ ወደ እናቱ ዞረ። «ማማ?»

ወይዘሮ ሱሺላ ታብሌቱን አልለቀቁም።

«አንተን የከነከነህ ሰው ምን ይላል ነው» አሉት። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ልጁም አልጠየቀኝም፣ አንተም አልጠየቅከኝም፣ ይቺም ስታነሳኝ አልጠየቀችኝም። አሁን ግን ሁላችሁም እዚህ ስለሆናችሁ ልንገራችሁ።»

ሻያቸውን ወደ ጎን ገፉ።

«ባሌ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ጉንጬን በእጁ ይዳስሰኝ ነበር። ከሞተ ወዲህ ፊቴን የነካ ሰው የለም። አንተ ግንባሬን ትስመኛለህ። ሐኪሙ ክንዴን ይይዛል። ፊቴን ግን ማንም። ያ ልጅ እጁ ትኩስ ነበር። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ እጁን ባያነሳ አልኩ። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው። ቤት ስገባ ሮዙን ታጠብኩና ባሌን ይቅርታ ጠየቅሁት።»

ቪኖድ እጆቹን እያየ ነበር።

«ፎቶው እውነት ነው» አሉ። «ብዕር ስጪኝ።»

ብዕሩን ስሰጣቸው እጄ ቸኮለ። ሊፈርሙ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቆም አሉ። «ላዩ ላይ ምን ይጻፍበታል?»

በደችኛ አነበብኩላቸው። «ዴን ሃግ እየሳቀች ነው። ኑ፣ ተቀቡ!»

«እኔ ግን አልሳቅኩም» አሉ። በቁጣ አይደለም፤ አንድን የተሳሳተ አድራሻ እንደሚያርም ሰው ነው። «ቃሉን ለውጡት፤ እፈርማለሁ።»

ለማሪት ልደውል ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የወይዘሮ ሱሺላን ነገር በአጭሩ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ከልቧም አዘነች። ከዚያ ግን፣ «ቤቲ፣ ቃሉ ሊቀየር አይችልም። በስንት ቋንቋ ተተርጉሟል፣ ዘመቻው በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ደግሞ ሳቅ ነው የሚመስለው፤ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«እሳቸው ያውቃሉ።»

«ልትፈርም ተዘጋጅታለች ነው የምትይኝ?»

«ቃሉ ከተለወጠ።»

ማሪት ተነፈሰች። «እንግዲያው አሁን አስፈርሚያት። ስለ ቃሉ በኋላ እንነጋገራለን በያት።»

በኋላ ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ማሪት ያለችውን ሳሎን ያሉት አልሰሙም። ገብቼ «እሺ ብላለች» ብል ያምኑኛል። ኮሪደሩ ላይ የሽማግሌው ኮት ገና እንደተሰቀለ ነበር፤ ጫማውም ከሥሩ። እዚያ የቆምኩት ብዙ አልነበረም፤ ግን አንድ ሰው የሚገባበትን በር የሚመርጠው በዚህ ያህል ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር ጀግንነት አልተሰማኝም። የተሰማኝ ድካም ነው።

ስገባ ሁለቱም ቀና አሉ።

«ምን አለች?» አሉኝ ወይዘሮ ሱሺላ።

«ቃሉ አይቀየርም።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያው ይቅር።» ቅር የተሰኙ አይመስሉም። «ፎቶውን ግን ለእኔ ስጪኝ።»

ቪኖድ እስከ ታች ሸኘኝ።  በሩን ሲከፍትልኝ «ጉንጯን ይዳስሳት እንደነበር አላውቅም ነበር» አለኝ።  

ያን ቀን ማታ ለማሪት ሌላ ፎቶ ላክሁላት። ከስፔን ይሁን ከጣልያን የመጡ ወጣቶች በአምስት ዓይነት ቀለም ተነክረው ሲዘሉ ነው፤ ሁሉም በዓሉ ላይ እያሉ ፈርመውልኛል። እሱ ታተመ። ጥሩ ማስታወቂያ ወጣው ብለውኛል። የጉዞ ወኪሎቹም ወደውታል። የሁለት ዓመቱን ውል ለሌላ ፎቶ አንሺ ሰጡት። ማሪት ራሷ ደውላ ነገረችኝ፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ሥራዋ ሰውን መጥራት ነው፤ ለመጥራት ደግሞ ሳቅ ያስፈልጋት ነበር።

ቪኖድ በኋላ ኮሚቴውን ይዞ ከማሪት ድርጅት ጋር ተነጋግሯል። ለጎብኚ በሚታደለው ወረቀት አናት ላይ አንድ መስመር እንዲገባ አስደረገ፦ «ከመቀባታችሁ በፊት ጠይቁ።» ድርጅቱ መጀመሪያ ደስታውን ያቀዘቅዘዋል ብሎ ፈርቶ ነበር። አላቀዘቀዘውም። ለወይዘሮ ሱሺላ ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። የት እንዳስቀመጡት አላየሁም፣ አልጠየቅኩምም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ በኋላ ሕይወቴ ተገለባበጠ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ከውጭ ሲታይ የተለወጠ ነገር የለም። የአረጋውያኑን ሥራ አልለቀቅኩም። ያኔ የቀረሁት ሌላ ሥራ ስላጣሁ ነው፤ ዛሬ ግን እንዲያ አይደለም። በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ሳጥባቸው እጄን አየሁት። ጓንት አድርጌአለሁ። ፊት ለማጠብ ጓንት ግዴታ አይደለም፤ ስለምቸኩል ገና በር ላይ እያደረግኩት የለመድኩት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ጉንጭ በላስቲክ እንደነካሁ አሰብኩ። አወለቅሁት። «ፊትዎን በእጄ ላጥብዎት?» አልኳቸው። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑልኝ። ካሜራዬ ያላስተማረኝን ያን ጠዋት ተማርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ «ቤቲ የሰው ሳቅ ታውቃለች» ሲሉኝ ዝም እላለሁ። አላውቅም። የማያውቅ ሰው ደግሞ መጠየቅ አለበት። እናንተም ሥራችሁ ከሰው ፊት ጋር ከሆነ፣ በካሜራም ይሁን በእጅ ወይም በቃል፣ ከእኔ ቀድማችሁ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ፋግዋን ያነሳሁት ለቤተ መቅደሱ ነው። ወይዘሮ ሱሺላ አልነበሩም፤ እህታቸውን ሊጠይቁ ሱሪናም ሄደዋል። ሜዳው ከአምናው ይበልጥ ሞልቷል፤ የማላውቃቸው ቋንቋዎች ከየአቅጣጫው ይሰማሉ። ጎንበስ ብዬ ሌንሴን ስጠርግ አንዲት ወጣት ቱሪስት ከፊቴ ቆመች። መዳፏ ሙሉ ቢጫ ዱቄት ይዛለች።

«ይቻላል?» አለችኝ ፊቴን እያየች።

ሰርግ ሳነሳ ሙሽሮቹ ኬክ ያጎርሱኛል፣ ዘመዶቻቸው ወደ ጭፈራው ይጎትቱኛል፤ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። የሌንሴን ክዳን ገጠምኩና ቀና አልኩ። ጾሙ ይሁን፣ እናቴ ትሁን፣ ወይስ እንዲሁ አለመፈለግ፣ ምክንያቱን ዛሬም አላውቀውም።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። «እሺ» አለች፣ ፈገግ ብላ እጇን ዝቅ አደረገች። ወደ ሕዝቡ ስትመለስ ቢጫው ዱቄት በጣቶቿ መካከል ሣሩ ላይ ይፈስ ነበር።